«የማን ልጅ ነህ?» የትውልድ ሐረግና ምርኮ በቅዱሳት መጻሕፍት



ሰው እንግዳ ሲያገኝ አስቀድሞ «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። በአገራችን ይህ ጥያቄ የክብር ጥያቄ ነበር። ጠያቂው የእንግዳውን የአባትና የአያት ስም የሚፈልገው ዘመድ ሆኖ ቢገኝ እንደ ዘመድ ሊያስተናግደው፣ ባይሆንም በአባቱ ስም ሊያከብረው ነው። ይኸው ጥያቄ ግን በሌላ ጊዜና በሌላ ድምፅ ሲጠየቅ ሰውን ያስፈራል፤ ያሳድዳልም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖርና የምናገለግል ሁላችን ይህን ልዩነት እናውቀዋለን።

እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፣ በምዕራብና በሰሜን ከበው የሚገኙ ናቸው። የቱለማ ኦሮሞ አርሶ አደሮች ሲያርሱትና ከብት ሲያሰማሩበት የኖሩት መሬት፣ ዋና ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣ በፋብሪካ፣ በአበባ እርሻና በመኖሪያ ቤት ተሸፈነ። ስለዚህ ከነባሩ ሕዝብ መካከል ከቀዬው ሳይወጣ ስደተኛ የሆነ አለ። በ2006 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውና የተቀናጀው ማስተር ፕላን በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲሰረዝ ያደረገው ተቃውሞ ከዚህ ሥጋት የመነጨ ነበር። በሌላ በኩል ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች እንጀራ ፍለጋ የመጡ ቤተሰቦች በእነዚሁ ከተሞች ጎጆ ቀልሰው ልጆች ወልደዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው በተነሣው ሁከት በርካታ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹም ከጋሞ የመጡ፣ ልጆቻቸውን አዝለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ሦስቱ ከተሞች ከአጎራባቾቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉበት በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው እንደ ገና ዕቃቸውን ጫኑ።

እንዲህ የተነቀለ ቤተሰብ ወደ ቁምስናችን ሲመጣና ልጁን ለቁርባን ለማዘጋጀት ሲጠይቅ፣ «የጥምቀት ወረቀቱ የታለ?» እንለዋለን። እናትየዋ «አባቴ፣ ከቤቱ ጋር ቀረ» ትላለች። በዚያች ሰዓት የምንሰጠው መልስ ስለ ትውልድ፣ ስለ መዝገብና ስለ ስደት በእውነት ምን እንደምናምን ይገልጣል። ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ረገድ የሚያስተምሩንን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

1. የትውልድ ሐረግ ለምን ተጻፈ?

ብዙዎቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ የስሞች ዝርዝር ላይ ስንደርስ ገጹን ገልጠን እናልፋለን። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ዘጠኝ ምዕራፍ ሙሉ ከአዳም ጀምሮ ስም ይቈጥራል። ይህ መጽሐፍ በአሁኑ መልኩ የተዘጋጀው ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሰ በኋላ መሆኑን ስንረዳ ግን ዝርዝሩ ሌላ ድምፅ ይሰጠናል። ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ፣ ንጉሡ ተማርኮ፣ ርስቱ በሌላ እጅ ገብቶ ሳለ ለሕዝቡ የቀረው የአባቶቹ ስም ነበር። ስለዚህ ሐረጉ የድል አድራጊ ትምክሕት ሳይሆን፣ ሁሉን ያጣ ሕዝብ እግዚአብሔር እንዳልረሳው የሚመሰክርበት ሰነድ ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን እስራኤላዊ የምድሩን በኵራት በቅርጫት ይዞ በእግዚአብሔር ፊት ሲቆም፣ አባቱ ተንከራታች ሶርያዊ እንደ ነበረ፣ ወደ ግብፅ ወርዶም በዚያ በእንግድነት እንደ ኖረ እንዲናገር ታዝዟል (ዘዳግም 26፥5)። ርስት ያገኘ ሰው ስጦታውን ሲያቀርብ ርስት ያልነበረውን አባቱን መጥራት ነበረበት። ስደተኛን እንዳያስጨንቅ የታዘዘውም የእንግዳን ነፍስ በግብፅ ሳለ ስላወቀ ነው (ዘጸአት 23፥9)።

እኛም የትውልድ ቈጠራ ባህል አለን። አማራውም ኦሮሞውም ለጋብቻ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ይቈጥራል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው አቅኚ አባቱን ቈጥሮ ይደርስ ነበር። ይህ ቈጠራ መልካም ነው፤ ሰው ከአየር ላይ እንዳልወደቀ ያስተምረዋል። የእስራኤል ልጅ ቈጥሮ ቈጥሮ የሚደርሰው ግን አቅኚ ጌታ ላይ ሳይሆን ስደተኛ እረኛ ላይ ነው። አባቶቹን በትክክል የቈጠረ ሰው በደጁ የቆመውን እንግዳ ሲያይ የገዛ አባቱን ያያል።

2. በሐረጉ መካከል ያለው ስብራት

ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ በሦስት ይከፍለዋል፤ ከአብርሃም እስከ ዳዊት፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ፣ ከባቢሎን ምርኮ እስከ ክርስቶስ (ማቴዎስ 1፥17)። የሁለተኛው ክፍል ፍጻሜና የሦስተኛው መነሻ የሰው ስም ሳይሆን የመከራ ስም ነው። የግእዙ ወንጌል «ፍልሰተ ባቢሎን» ይለዋል። «ፈለሰ» ከስፍራ ወደ ስፍራ ተዛወረ ማለት ነው፤ በነሐሴ የምንጾመው የእመቤታችን የፍልሰታ ጾምም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ወደ ምርኮ መወሰድና ወደ ክብር መወሰድ በአባቶቻችን ቋንቋ ከአንድ ሥር በቀሉ።

በዚያ ስብራት ላይ የቆመው ሰው ኢኮንያን፣ በመጽሐፈ ነገሥት ዮአኪን የሚባለው ነው። ሦስት ወር ብቻ እንደ ነገሠ በ597 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከእናቱና ከመኳንንቱ ጋር ወደ ባቢሎን ተማረከ። ነቢዩ ኤርምያስ ኢኮንያን በእግዚአብሔር ቀኝ እጅ ያለ የቀለበት ማኅተም ቢሆን እንኳ እንደሚወልቅ፣ በዙፋንም የሚቀመጥ ዘር እንደማይኖረውና መካን ተብሎ እንዲጻፍ ተናግሮበታል (ኤርምያስ 22፥24-30)። በባቢሎን ፍርስራሽ ውስጥ ከተገኙት የሸክላ ጽላቶች አንዳንዶቹ ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለ5 ልጆቹ የሚሰፈረውን ዘይት መዝግበዋል። የዳዊት ልጅ ስም በንጉሥ ዜና መዋዕል ላይ መጻፉ ቀርቶ በቀለብ መዝገብ ላይ ተጻፈ። በመጠለያ ተሰልፎ ስሙ ከዘይትና ከዱቄት ሚዛን አጠገብ የተጻፈለት ወንድማችን ይህን ታሪክ ከማንኛችንም በተሻለ ያስተውለዋል።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በተማረከ በ37ኛው ዓመት ዮአኪን ከእስር ተፈትቶ በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ተቀመጠ (2 ነገሥት 25፥27-30)። ከምርኮ ከተመለሱት መካከል የልጅ ልጁን ዘሩባቤልን ደግሞ እግዚአብሔር በነቢዩ ሐጌ አፍ እንደ ቀለበት ማኅተም እንደሚያደርገው ተናገረ (ሐጌ 2፥23)። የወለቀው ቀለበት ወደ ጣት ተመለሰ። ማቴዎስ እያንዳንዱን ክፍል 14 ትውልድ ሲለው፣ በመጨረሻው ክፍል ያሉት ስሞች ሲቈጠሩ 13 ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ አንዳንድ ተርጓሚዎች ኢኮንያን ከምርኮ በፊትና ከምርኮ በኋላ ሁለት ጊዜ እንደ ተቈጠረ ያስረዳሉ። እንዲህ ከሆነ፣ መካን ተብሎ እንዲጻፍ የታዘዘበት ሰው በክርስቶስ ሐረግ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተቈጠረ ብቸኛው ሰው ነው።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሐረግ በስደት የተሰፋ ነው። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሲነዱ ሞቱ። ቅዱስ አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ1860 በበረሃ መንገድ ላይ ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው በፊንፊኔ ሚሲዮን የመሠረቱት አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአገር ተባረሩ። በእምነት አባቶቻችን የምንላቸውን ስንቈጥር የምንቈጥረው ስደተኞችን ነው።

3. መዝገባቸውን ፈልገው ያጡ

በ538 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቂሮስ ምርኮኞቹን ባሰናበተ ጊዜ የተመለሱት በስም በስማቸው ተጻፉ። መጽሐፈ ዕዝራ ጠቅላላ ቍጥራቸው 42,360 እንደ ነበረ ይናገራል (ዕዝራ 2፥64)። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የአባቶቻቸውን ቤትና ዘራቸውን ማስረዳት ያልቻሉ 652 ሰዎች ይገኛሉ (ዕዝራ 2፥59-60)። መጽሐፉ ስለ እነርሱ ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም ከሕዝቡ ጋር ወጥተዋል፣ ተቈጥረውም በመጽሐፍ ተጽፈዋል። ማስረጃ ማጣታቸው ራሱ ለዘለዓለም የሚነበብ ማስረጃ ሆናቸው። የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው ያላገኙት የካህናት ልጆች ከክህነት አገልግሎት ለጊዜው ታገዱ፤ ጉዳያቸው ግን በኡሪምና በቱሚም የሚፈርድ ካህን እስኪነሣ በእግዚአብሔር ፊት ክፍት ሆኖ ቆየ እንጂ አልተዘጋም (ዕዝራ 2፥61-63)።

በዚያው መጽሐፍ ከባዕዳን የተጋቡ ሰዎች ሚስቶቻቸውን ከነልጆቻቸው እንዲያሰናብቱ የተወሰነበትን ምዕራፍም እናነባለን (ዕዝራ 10)። ይህን መደበቅ አይገባንም። በጭንቅ የተረፈ ትንሽ ሕዝብ እምነቱን እንዳያጣ የፈራው ፍርሃት ነው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፈ ሩትን ከጎኑ አስቀምጦልናል። ሞዓባዊ እስከ አሥረኛው ትውልድ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ሕግ ነበረ (ዘዳግም 23፥3)፤ ከሞዓባዊቷ ሩት በሦስተኛው ትውልድ ግን ንጉሥ ዳዊት ተወለደ (ሩት 4፥17)። ማቴዎስም ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት በጌታችን ሐረግ ውስጥ ሲጽፍ አላፈረባቸውም።

እንግዲህ ወደ ቁምስናችን ደጃፍ እንመለስ። የጥምቀት መዝገብ የክርስቲያን የትውልድ መጽሐፍ ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሆኖም መዝገብ ጥምቀትን ይመሰክራል እንጂ ጥምቀትን አይሰጥም፤ መዝገቡ ቢቃጠል ጥምቀቱ አይቃጠልም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቍጥር 691 ማንንም የማይጎዳ እስከሆነ ድረስ የማይጠረጠር የአንድ ምስክር ቃል ብቻ፣ ወይም በቂ መሠረት ያለው የተጠማቂው የራሱ ቃል፣ ጥምቀትን ለማረጋገጥ እንደሚበቃ ይደነግጋል። የላቲኑም ቀኖና በዚህ ረገድ ተመሳሳይ መንፈስ አለው። ይህን እያወቅን እኛ ካህናት ራሳችን አንዳንድ ጊዜ የተፈናቀለን ቤተሰብ «ወረቀት አምጡ» ብለን መልሰናል። ወረቀቱ የሚመጣበት ቤት እንደ ሌለ አልጠየቅንም። ስለዚህ ይቅርታ ልንጠይቅ ይገባናል። የክርስትና እናቱ፣ ጎረቤቱ ወይም ያስተማረው መምህር ቃል ቢሰጥ በዚያው ቀን ጽፈን ልንቀበለው እንችላለን። ጥርጣሬን ለማቅለል ሲባል «እንደ ገና ይጠመቅ» ማለት ግን አይገባም፤ ጥምቀት አንዲት ናትና።

4. የጦቢት ጥያቄና የመልአኩ መልስ

በምርኮ ስለ መኖር መጽሐፈ ጦቢትን ያህል የሚያጽናና መጽሐፍ ጥቂት ነው። ጦቢት ከንፍታሌም ነገድ ሲሆን ወደ ነነዌ ተማርኮ በዚያ ይኖር ነበር። የተራቡትን ያበላል፤ የተገደሉትንና ሜዳ ላይ የተጣሉትን ወገኖቹን በስውር ይቀብራል። በኋላ ዐይኑ ጠፋ፤ ድህነትም ያዘው። ልጁን ጦብያን ወደ ሩቅ አገር ሊልክ ፈልጎ መንገድ የሚያውቅ ሰው ተገኘለት። ዕውሩ ሽማግሌ ያንን ሰው አስቀድሞ የጠየቀው ነገዱንና ወገኑን ነበር። እንግዳውም የሚፈልገው ነገድን ነው ወይስ ከልጁ ጋር የሚሄድ ሠራተኛን ብሎ መለሰለት (ጦቢት 5)። ጦቢት ግን አጥብቆ ስለ ጠየቀ፣ አዛርያስ የሐናንያ ልጅ መሆኑን ነገረው።

ያ እንግዳ ነገድ የሌለው ቅዱስ ሩፋኤል መልአክ ነበር። «አዛርያስ» ማለት በዕብራይስጥ «እግዚአብሔር ረዳ» ማለት ነው። ጦቢት የጎሳ ስም ጠይቆ የእግዚአብሔርን ረድኤት ስም ተቀበለ፤ በዚያ ሰዓት ግን አላወቀውም። በሰበታ መርሐ ዕውራን የሚባለውን ትምህርት ቤት የማያውቅ የለም፤ ሩፋኤልም ለጦቢት ቤት መርሐ ዕውራን ሆነለት፤ ልጁን መርቶ የአባቱን ዐይን አበራ። ጦቢት በነገድ መልስ ባይረካና እንግዳውን ቢያባርረው ኖሮ ያባረረው መድኃኒቱን በሆነ ነበር።

ጦቢት መልካም ሰው መሆኑን ልብ እንበል። መጽሐፉ ዘሩን ስለ ጠየቀ አይወቅሰውም። እኛም ስለ ዘራችን ማወቃችንና ቋንቋችንን መውደዳችን ነቀፋ የለበትም። መልአኩ ያረመው የጥያቄውን ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ የሚጠየቀው «ወገንህ ማን ነው?» ሳይሆን «ከልጄ ጋር በደኅና ትሄዳለህን?» የሚለው ነው።

5. በጉዲፈቻ የተገኘ ልጅነት

የማቴዎስ ሐረግ መጨረሻው ላይ ያስደንቀናል። ከአብርሃም ጀምሮ «ወለደ» እያለ መጥቶ ዮሴፍ ላይ ሲደርስ ቃሉን ይለውጣል፤ ዮሴፍ የማርያም እጮኛ ነው እንጂ ኢየሱስን አልወለደውም። ኢየሱስ በሕግ የዳዊት ልጅ የሆነው ዮሴፍ ስም አውጥቶ እንደ ልጁ ስለ ተቀበለው ነው (ማቴዎስ 1፥20-25)። ያ ሁሉ የደም ሐረግ የተፈጸመው በደም ሳይሆን በመቀበል ነው።

በዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይህን ምሥጢር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። «ጉዲፈቻ» የምንለው ቃል ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተገኘ ሲሆን ዛሬ የአገራችን የቤተሰብ ሕግ ቃል ሆኗል። በዚያ ባህል የተወሰደው ልጅ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፤ ከተወለደውም ልጅ እኩል ይታያል። ቅዱስ ጳውሎስ በክርስቶስ ያገኘነውን ልጅነት የገለጠው በዚሁ ዓይነት ቃል ነው (ሮሜ 8፥15፤ ገላትያ 4፥5)። እግዚአብሔር በጉዲፈቻ የወሰደን ሁላችን ስንሆን፣ ከመካከላችን አንዱ ሌላውን «አንተ የዚህ ቤት አይደለህም» ሊለው የሚችልበት ምክንያት አይኖርም።

6. የከተማዪቱን ሰላም ፈልጉ

ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በጻፈው ደብዳቤ ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩና ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው፤ ሰላማቸው በእርስዋ ሰላም ውስጥ ነውና (ኤርምያስ 29፥5-7)። ይህ ትእዛዝ የመጣውን ሰው የሚያዝዘው የተቀመጠባትን አገር እንዲወድ፣ የነባሩንም ሕዝብ ቋንቋና ሐዘን እንዲያውቅ ነው። ነባሩን ሰው ደግሞ የእንግዳው ቤት ሰላም ካጣ የእርሱም ቤት ሰላም እንደማያገኝ ያስገነዝበዋል።

በ2011 ዓ.ም. የሆነው አንድ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። የቡራዩ ጥቃት ዜና አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም የአባቶቻቸውን ሣር አልረገጡም፤ ተመለሱ። እነዚያ ሽማግሌዎች ልጆቻቸው የተጎዱባቸው ነበሩ። የአባትነት ሥልጣናቸውን፣ ማለትም የዘር ሐረግ የሚሰጠውን ክብር፣ የሌላውን ዘር ልጅ ለማዳን ተጠቀሙበት። የትውልድ ሐረግ ለምን እንደ ተሰጠን ለሚጠይቅ የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪ ይህን መንገር ይበቃል።

ማጠቃለያ

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ሕግ ወደ ግብፅ የተሰደደውን ቅዱስ ቤተሰብ ለስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ አብነት አድርገው አቅርበዋል። እኛም በዘመነ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት ስናስብ፣ ሕፃኑን አዝላ የምትሄደው እናት ባለፉት ዓመታት በመንገዶቻችን ያለፈችውን እናት እንድታስታውሰን ይገባል። የጌታችን ሐረግ በምርኮ ተሰብሯል፤ በባዕዳን ሴቶች ተቀጥሏል፤ በጉዲፈቻ ተፈጽሟል። ይህን ሐረግ በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን እያነበብን በሐረግ ምክንያት ወንድማችንን ልናባርር አንችልም። «የማን ልጅ ነህ?» ተብለን ስንጠየቅ የአባታችንን ስም በደስታ እንናገር፤ ቈጠራችንንም ሁላችን አንድ አባት እስከምናገኝበት ድረስ እናድርሰው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቤተሰባችን ሐረግ ውስጥ ከሌላ ስፍራ የመጣ ወይም የተሰደደ አባት ወይም እናት አለን? ስለ እርሱ ለልጆቻችን ምን ነገርናቸው?
ለ. በቁምስናችን ባለፉት ዓመታት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? የጥምቀት ማስረጃ ላጡት ምስክር ሊሆን የሚችል ማን ነው?
ሐ. መሬቱን ያጣው ነባር ገበሬና ቤቱን ያጣው መጤ በአንድ ማኅበር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሐዘን ሰምተው ያውቃሉን?
መ. በቤታችንና በትምህርት ክፍላችን ስለ ሌላው ብሔረሰብ የሚነገር ቀልድና ስድብ ሲሰማ ምን እናደርጋለን?

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ፣ ኢኮንያንን ከምርኮ ቤት ያወጣ፣ ጦብያንም በመንገድ የጠበቀ እግዚአብሔር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩትን፣ ከዚያም የተሰደዱትን ሁሉ በአንድ ማዕድ ይሰብስብልን። አሜን።